ሰገሌ በዘመሮ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ

ባለፈው ሰሞን አልጋ ላሠራ አንድ እንጨት ቤት ገብቼ ነበር። አናጺው መጋዙን አጥፍቶ "እህት፣ ሜትር ከሃያ ነው ሜትር ከሃምሳ?" አለኝ። ጓሮው ዝናብ የነካው ሰጋቱራ ተከምሮበታል። የባሕር ዛፍ ሰጋቱራ ረጥቦ ሲሰነብት ኮምጠጥ ያለ፣ እንደ ጠላ ጥንስስ ያለ ሽታ አለው። ያ ሽታ ሲመጣብኝ የአልጋው ስፋት ከሐሳቤ ጠፋ። "እመለሳለሁ" ብዬው ወጣሁና መንገድ ዳር ቆሜ ቀረሁ። ዘመሮ ነበርኩ፤ አሥር ዓመቴ ነው፤ ባዶ ጆንያ ይዣለሁ።

ዘመሮ የገባሁት መስቀል ባለፈ ሰሞን ነው። እናቴ ለሥራ ቤይሩት ሄደች። አባቴ በመንገድ ሥራ ካምፕ ዶዘር ይነዳ ስለነበር ልጅ ይዞ መዞር አልሆነለትም። ደሴ የነበረውን የኪራይ ቤታችንን አስረከበና እኔን መንዝ፣ ዘመሮ ላለችው እህቱ፣ ለአክስቴ ለደብሪቱ ሰጠኝ። በማግስቱ ጠዋት በመጣበት አይሱዙ ተመለሰ። መኪናው ሲነሣ እጄን ላወዛውዝለት ብዬ ነበር፤ ጉሙ ቶሎ ዋጠው።

አክስቴ ብቻዋን ነበር የምትኖረው። ክፉ ሰው አልነበረችም። ሲበርደኝ ሳልነግራት ታውቃለች፤ የሱፍ ባናዋን ከራሷ ላይ ገፋ ታለብሰኛለች። ግን አታወራም። ቀን ከበጎቿ ጋር ትውላለች፣ ስትገባ ሱፍ ትፈትላለች። የእንዝርቱ ድምፅ ብቻ ነው ቤቱ ውስጥ የሚሰማው። ደሴ እያለን እኔና እናቴ እንቅልፍ እስኪጥለን ድረስ ነበር የምናወራው። እዚህ ግን አንድ ነገር ልናገር እጀምርና የማን ነገር እንደሆነ ለማስረዳት ስንት ሰው ማስተዋወቅ እንዳለብኝ ሳስበው እተወዋለሁ። አክስቴ ከደሴ ሰው ማንንም አታውቅም ነበር።

ትምህርት ቤት "ወሎዬዋ" ተባልኩ። ለመሳደብ አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ትዕግስት ስለነበረች ነው። እኔ ግን የሆነ ጥፋት ስም መሰለኝ። በእረፍት ሰዓት ግድግዳው ሥር ፀሐይ እየሞቅሁ ደወሉን እጠብቃለሁ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ "እትዬ፣ ዓረብ አገር በየት በኩል ነው?" ብዬ ጠየቅኋት። በአገጯ ወደ ምሥራቅ አመለከተችኝ። በዚያ በኩል ሜዳው ድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል። ጠዋት ጠዋት ከገደሉ ሥር ነጭ ጉም ዓይን እስከሚያይበት ተዘርግቶ ይተኛል። እናቴ ባሕር ተሻግራ እንደሄደች ሰምቼ ስለነበር ባሕሩ እሱ መሰለኝ። ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጥታ ጉሙን ስታጠፋው "አሁንማ በእግሯም ልትመጣ ትችላለች" እል ነበር።

በዚህ መሃል ነው አንድ ቅዳሜ አክስቴ ለምድጃ የሚሆን ሰጋቱራ አምጪ ብላ ጆንያ ያስያዘችኝ። የዘመሮው አናጺ እጁን አራገፈ።

"የለም። ሻምበል ይርጋ ጠርገው ወሰዱት። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ አሮጌው የእህል መጋዘን ውስጥ ናቸው። ከሰጡሽ ጠይቂያቸው።"

ያን ሁሉ ሰጋቱራ አንድ ሰው ምን ያደርግበታል? ድግስ ያላቸው መሰለኝ። የመጋዘኑን በር ገፋ ሳደርገው ግን ድግስ አልነበረም። ሁለት አሮጌ በሮች በበርሜል ላይ ጎን ለጎን ተጋድመዋል፤ በላያቸው ላይ አገር አለ። ሰጋቱራው ሜዳ ሆኗል። ጭቃው ተራራ ነው። ሰማያዊ የሱፍ ክር ወንዝ ሆኖ ይጠማዘዛል፤ ከጓሳ ሣር የተሠሩ ጎጆዎች ወንዙ ዳር ተቀምጠዋል። የሰፈር ልጆች ዙሪያውን ከበው ትንፋሻቸውን ውጠው ያያሉ። አንድ ረዥም፣ ቀኝ እግራቸውን የሚጎትቱ ሰው በወታደር ካፖርት ውስጥ ሆነው ቀና አሉ።

"ማነሽ?"

"ሰጋቱራ ልወስድ ነው የመጣሁት።"

"ሰጋቱራ የለም። ለአዲስ ተጫዋች ግን ቦታ አለ። ግቢና በሩን ዝጊው፤ ነፋሱ አገሩን ይበትንብናል።"

ሻምበል ይርጋ በቀድሞው ጦር ውስጥ አሠልጣኝ ነበሩ። አሸዋ በተሞላ ገበታ ላይ ተራራና ወንዝ ሠርተው፣ የድሮ ውጊያዎችን እየዘረጉ ለወጣት መኮንኖች ያስተምሩ ነበር። ጦሩ ሲበተን ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ዘመሮ ተመለሱ። ሚስትና ልጅ ነበሯቸው ይባላል፤ የት እንዳሉ የሚያውቅ አላጋጠመኝም። መንዝ ላይ አሸዋ ስላላገኙ በሰጋቱራ ተኩት። ቅዳሜ ሰንበት ስለሆነ እርሻ የለም፤ ስለዚህ በየቅዳሜው በሩን ከፍተው ልጆችን ያጫውቱ ነበር። ደንባቸው አንድ ነው፦ አዲስ ሰው ከመጣ፣ የተጀመረው ጨዋታ የትም ይድረስ የት፣ ይፈርስና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ወገኑን ቀድሞ የሚመርጠውም አዲሱ ነው።

ያን ዕለት ሊያሸንፍ የተቃረበው ጌታነህ የሚባል የክፍሌ ልጅ ነበር። ለእኔ ሲባል ጦሩ ሲነሣበት "ኧረ ሻምበል!" ብሎ በእግሩ መሬቱን ደበደበ። አልሰሙትም።

"ይኼ ሰገሌ ነው" አሉኝ። "በአያቶቻችን ዘመን የተደረገ ነው፤ ቦታውም እዚሁ ሸዋ ውስጥ ነው። የወሎው ንጉሥ ልጅ አዲስ አበባ ላይ አልጋውን ይዞ ሳለ ከሥልጣን አወረዱት። አባት ይህን ሲሰሙ ጦራቸውን ይዘው ወደ ሸዋ መጡ። መጀመሪያ ቶራ መስክ ላይ አሸነፉ። ከዚያ ግን እዚያው ተቀመጡ። እሳቸው ሲቀመጡ የሸዋ ጦር ተሰበሰበ። ሰገሌ ላይ ተገናኙና ንጉሡ ተሸነፉ፣ ተማረኩ። አንቺ የትኛውን ትመርጫለሽ?"

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ አባት ልጁ ተነካ ሲባል አገር ሙሉ ጦር ይዞ መጣ።

"አባትየውን" አልኳቸው።

ልጆቹ ሳቁ። "ወሎዬዋ ወሎን መረጠች!" አለ ጌታነህ። ሻምበል አልሳቁም። ወታደሮቼን ቆጥረው ሰጡኝ። ወታደሮቹ ቆርኪዎች ነበሩ፤ የሸዋው በፊቱ፣ የወሎው በጀርባው ይቀመጣል። ፈረሰኞቹ የበግ ቁርጭምጭሚት አጥንት ናቸው። ጦሩ የሚሄደው በክር እየተለካ ነው። ሁለት ጦር ሲገናኝ ከቆዳ ከረጢት ሳያዩ አንድ ፍሬ ያወጣሉ፦ ባቄላ ከሆነ ወታደሩ ጸንቷል፤ አተር ከሆነ ወድቋል። አዲስ አበባ በገበታው ጫፍ የተደፋ የድልህ ጣሳ ነበር።

ተሸነፍኩ። ልጆቹ ወደ ቤታቸው ሊበሩ ሲሉ ሻምበል ካፖርታቸውን እየቆለፉ "ማንም አይወጣም" አሉ። "የወደቁትን አንሡ።" ጌታነህ የገደለብኝን ቆርኪዎች አንድ በአንድ ለቅሞ በሁለት እጁ ይዞ መጣና መዳፌ ላይ አፈሰሰልኝ። "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አለኝ፤ ደንቡ እንደዚያ ነበር። እኔም የእሱን ለቅሜ ሰጠሁት። ዘመሮ ከገባሁ ጀምሮ አንድ ልጅ ቀርቦ እጄን ሲነካኝ የመጀመሪያው ነበር።

ቤት ባዶ ጆንያ ይዤ ገባሁ። አክስቴ ጆንያውን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ኩበት አነደደች።

ከዚያ በኋላ ሳምንቱ ለእኔ ቅዳሜ ብቻ ሆነ። አዲስ ልጅ ከመጣ ከመጀመሪያው እንጀምራለን፤ እኔም አስተማሪ እሆናለሁ። ሻምበል አዲሶችን ሲያስተምሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። አንዲት ትንሽ ልጅ ፈረሰኛዋን ወንዝ ውስጥ ከትታ ስትደነግጥ "አይዞሽ፣ ፈረስ ውኃ ይጠጣል፤ እስኪጠጣ እንጠብቀው" ይሏታል። ጨዋታው ያልቅና ልጆቹ ሲሄዱ ግን ፊታቸው ይለወጣል። ሰጋቱራውን በመዳፋቸው እያስተካከሉ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ። ብዙ ጊዜ ከበር ዞር ብዬ አየኋቸው። እሳቸውም እንደ እኔ ቅዳሜን ብቻ የሚኖሩ መሰለኝ፤ በዚህ እንኳ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

እኔ ሁልጊዜ ወሎን እይዛለሁ፤ ሁልጊዜ እሸነፋለሁ። ሌሎቹ ልጆች ሲሸነፉ ይናደዳሉ፤ እኔ ግን እፈራለሁ። አባትየው በተሸነፈ ቁጥር ልጁ ብቻውን ይቀራል። ይህን ለማንም አልነገርኩም። እያደር ደግሞ ሌላ ነገር ጨመርኩበት። አባትየው አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጣሳው ጋ ከደረሰ፣ እናቴ ትመጣለች። ማንም አላለኝም። እንዲሁ አወቅሁት፤ ልጅ ሆኖ ነገር በሚታወቅበት መንገድ።

የጥምቀት ሰሞን አንድ ቅዳሜ ከጌታነህ ጋር ገጠምን። ቶራ መስክ ላይ እንደተለመደው አሸነፍኩ። ሁልጊዜ እዚያ ላይ ጦሬን ሰብስቤ አሳርፍ ነበር፤ ንጉሡ ያደረጉት እሱን ስለሆነ ማድረግ ያለብኝ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ክሩን አነሣሁና ወደፊት ለካሁ።

"ቁጭ አትይም?" አለ ጌታነህ።

"አልቀመጥም።"

ወደ ሻምበል ዞረ። "ሻምበል፣ ወሎ ቁጭ ማለት አለበት አይደል?"

"እሷን ጠይቃት" አሉ። "ጦሩን የምታዘው እሷ ናት።"

የሸዋ ጦር ገና ከየአቅጣጫው እየመጣ ነበር፤ ሳይገናኝ መሃሉ ገባሁበት። ከከረጢቱ ባቄላ ወጣልኝ፣ ደግሞ ባቄላ፣ አንዴ አተር፣ ደግሞ ባቄላ። ልጆቹ ከጌታነህ ወገን እየለቀቁ ወደ እኔ ዞረው ቆሙ። ፈረሰኛዬ ጣሳው ጋ ሲደርስ መጋዘኑ በጩኸት ተናጋ። እኔ አልጮህኩም። ጣሳውን አነሣሁት። ከሥሩ ልጁ ያለ መስሎኝ ነበር።

ሰጋቱራ ብቻ ነበር፤ ጣሳው የተወው ክብ ምልክት ያለበት።

የወደቁትን ሳላነሣ ሮጥኩ። እናቴ የምትደውለው ገበያው ዳር ባለው ሱቅ ስልክ ነበር። ባለሱቁ ስኳር ይመዝናል። "እናቴ ደወለች?" አልኩት። "አልደወለችም።" "ዛሬ እኮ ነው።" "ዛሬም አልደወለችም፣ ልጄ።" ደጁ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ገበያተኛው ሁሉ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። በመጨረሻ ባለሱቁ በሩን መዝጋት ጀመረ።

ስመለስ መጋዘኑ ውስጥ ሻምበል ብቻቸውን ነበሩ። በሩ ላይ ቆሜ ጮህኩባቸው። "አሸንፌያለሁ እኮ! ጣሳው ጋ ደርሻለሁ! ለምን አትመጣም?"

መጀመሪያ አልገባቸውም። ቀስ ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም እያለቀስኩ ነገርኳቸው፤ ስለ አባትየው፣ ስለ ጣሳው፣ ስለ ቤይሩት። ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ የማይታጠፈውን እግራቸውን ዘርግተው አጠገቤ መሬቱ ላይ ተቀመጡ። ትልቅ ሰው መሬት ላይ ሲቀመጥልኝ አይቼ አላውቅም ነበር።

"እኔም የነበርኩበት ውጊያ አለ" አሉኝ። "ሰሜን ነው። እናንተ ስትሄዱ አንዳንዴ እዘረጋዋለሁ። ስንቴ እንዳሸነፍኩ ልንገርሽ? አሁን አሁንማ መሸነፍም ትቻለሁ። ጦሩን በዚህ በኩል ባዞረው፣ አንድ ቀን ቀድሜ ባስነሣው እያልኩ እዚህ ላይ ሁሉንም አወጣቸዋለሁ። አንድ ሰው አይሞትብኝም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ መብራቱን አጥፍቼ ቤቴ እገባለሁ። በሩን የሚያንኳኳ የለም።"

ወደ እኔ ዞረው "ዛሬ ግን በጣም ጥሩ ነው የተዋጋሽው" አሉ። "እኔ ራሴ እንደዚያ በፍጥነት ትሄጃለሽ ብዬ አልጠበቅሁም።" ይህን ሲሉኝ ደግሞ ባሰብኝ፤ ካፖርታቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ያንኑ የሰጋቱራ ሽታ ይሸት ነበር።

እናቴ ከጊዜ በኋላ ደወለች። መስመሩ እየተቆራረጠ ነበር። "እማ፣ ሰገሌን አሸነፍኩ" አልኳት። "ማን ናት ሰገሌ? ከልጆች ጋር አትጣዪ" አለችኝ። ከዚያ ተቆረጠ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ መበላሸት ጀመረ። አንድ ቅዳሜ የጌታነህ እናት መጋዘኑ በር ላይ መጥታ ቆመች። አልጮኸችም። "ሻምበል፣ ሁለት ወንድሞቼን ጦርነት በልቶብኛል" አለች። "አሁን ደግሞ ልጄ በእንቅልፉ 'ክበቡት፣ ክበቡት' እያለ ይጮሃል። እርስዎን ክፉ ናቸው አልልም። ግን ይተዉልኝ።" ሻምበል ኮፍያቸውን አውልቀው "እሺ፣ እመት" አሉ። ጌታነህ እጁ ላይ የያዛቸውን ቆርኪዎች የት እንደሚያስቀምጣቸው ግራ ገባው። መጨረሻ እኔ ተቀበልኩት።

ወሬው በየቤቱ ገባ። የቆሰለ ወይ ያልተመለሰ ሰው የሌለበት ቤት በአካባቢያችን አልነበረም። እናቶች ልጆቻቸውን አንድ በአንድ አስቀሩ። ፋሲካ ሲያልፍ ከሻምበል ጋር የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ለሁለት ሆነን ሸዋና ወሎን እየተቀያየርን እንጫወታለን። አዲስ ሰው ስለማይመጣ ጨዋታው አይፈርስም፤ ካቆምንበት እንቀጥላለን። እሱ ነው ያስጠላኝ።

ግንቦት ላይ ሻምበል ትልቅ የአዲስ ተጫዋቾች ቀን እናድርግ አሉ። "ወላጆችም ይምጡ። ይዩት፣ ይጠይቁ። ካልወደዱት ያኔ እንተወዋለን።" ለጎረቤት ከተማ ለራቤልና ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች ሁሉ መልእክት ላኩ። አግዳሚ ወንበሮች ተውሰው ደረደሩ። ተራራዎቹን እንደ አዲስ ሠራን፣ ወንዙን አዲስ ክር አለበስነው። የገብስ ቆሎ በትልቅ ሰፌድ ተቀመጠ። ሻምበል ጢማቸውን ተላጩ።

ጠዋት ጉም ነበር። "ጉሙ ሲገለጥ ይመጣሉ" አሉኝ። ጉሙ ተገለጠ። አንዲት ውሻ በሩ ላይ መጥታ ቆሎውን አሽትታ ሄደች። ሻምበል ቀጥ ያሉትን ወንበሮች እንደገና ያቃናሉ። እኔ በር ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ፤ ሰው ባየሁ ቁጥር "መጡ!" እላለሁ፤ ሰውየው ያልፋል። እየቆየ መናገሩንም ተውኩት። የእሳቸውን ፊት ላለማየት ወደ ውጭ እንደዞርኩ ቀረሁ።

ረፋዱ ካለፈ በኋላ አክስቴ መንገዱን ይዛ ስትመጣ አየኋት። ነጠላዋን ተከናንባ ቀጥ ብላ ነው የምትመጣው። ልትወስደኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ወደ ውስጥ ገብቼ ከገበታው ጀርባ ቆምኩ።

ገብታ ሻምበልን እጅ ነሣች። እኔን አላየችኝም። ገበታውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞራ አየችው።

"ይኼ የት ነው?" አለች።

"ሰገሌ ነው፣ ወይዘሮ ደብሪቱ። የድሮ ነው።"

"የቅርቡንም ያውቁታል?"

ሻምበል ከገበታው ቀና አሉ።

"ባለቤቴ በብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ነው የቀረው" አለች። አክስቴ ባል እንደነበራት የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። "ናቅፋ ነበር አሉኝ። ተራራ ነው አሉ። እኔ ከመንዝ ሌላ ተራራ አላውቅም። ሌላ ሰው ሰው ሲሞትበት መቃብሩ ጋ ሄዶ ያለቅሳል። እኔ ሳስበው የሚቆምበት ቦታ የለኝም። የት አድርጌ ላስበው?"

ሻምበል እጃቸውን ገበታው ላይ ጫኑ። ከዚያ ሰገሌን ማፍረስ ጀመሩ። ወንዙን ጠቀለሉት፣ ጎጆዎቹን አነሡ። ጭቃውን ውኃ ረጭተው ከፍ ያለ፣ ድንጋያማ ተራራ አቆሙ። ጣቶቻቸው አንድም ጊዜ አላመነቱም፤ ሸንተረሩን፣ ምሽጉን፣ ውኃ የሚቀዳበትን ቁልቁለት ሁሉ አስቀመጡት። እኔ ጠጠር አቀበልኳቸው። አክስቴ ቆማ ታያለች። ሲጨርሱ ቆርኪዎቹን በምሽጉ ላይ ደረደሩ።

"የእኛ ሰዎች እዚህ ነበሩ" አሉ። "የእሱ ጦር ክፍል የትኛው ነበር?"

"አላውቅም።"

"እንግዲያው እርስዎ ይምረጡ።"

አክስቴ ጎንበስ ብላ ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ አንዱን አነሣችና መዳፏ ውስጥ ያዘችው። ከረጢቱን አቀበልኳት፤ ጨዋታ እንደማይጀመር ያኔ አልገባኝም ነበር። ሻምበል ቀስ ብለው እጄን መለሱት።

"ነፋሱ ከየት ነበር የሚመጣው?" አለች።

ሻምበል በእጃቸው አሳዩዋት። አክስቴ ትልቁን ጠጠር ፈለገችና ቆርኪውን ከጀርባው፣ ነፋሱ ከማያገኘው በኩል አስቀመጠችው።

"ብርድ አይወድም ነበር" አለች። ከዚያ ሰው ካልተቀመጠባቸው ወንበሮች አንዱን ወደ ገበታው አስጠግታ ተቀመጠች።